በሐምሌ ጨለማ ጓሮን እንዴት መንከባከብ ይቻላል

ጎጃም ውስጥ ክረምት ሲገባ ብዙ ሰው ጓሮውን ይረሳዋል። ፀሐይ ለቀናት አትወጣም፣ ጭቃው እግር ይይዛል፣ ብርዱ ከምድጃ ዳር አያስነሳም። ጎመኑም ድንቹም ለእግዜር ይተዋል። ግን እኮ ጓሮ የሚበላሸው በሐምሌና ነሐሴ ነው። የሚያበላሸው ደግሞ ብርዱ ሳይሆን መውጫ ያጣ ውሃ ነው። የምጽፈው ለደጋው ሰው ነው፣ እንደ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች። ቆላ ያላችሁ ቀኑን አስተካክሉት።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን አስወጡ። ዝናቡ እየወረደ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው ከየት ገብቶ የት እንደሚተኛ እዩ፤ ካባራ በኋላ መገመት ብቻ ነው የሚቀረው። ከጓሮው በላይ በኩል ፈሰስ አውጡ። የአካፋ ስፋት ይበቃዋል። ቀጥ ብሎ ቁልቁል ከወረደ አፈሩን ጠርጎት ይሄዳል፣ ስለዚህ ገደድ አድርጋችሁ ውሰዱት። ወደ ጎረቤት አጥር ግን አትልቀቁት፤ በዚህ ነገር የተቀያየመ ጎረቤት ብዙ አይቻለሁ። መደቡን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፣ መረሬ (ውሃ የሚቋጥር ጥቁር) አፈር ከሆነ ከዚያም በላይ። ስፋቱ 1 ሜትር ይሁን፣ ከሁለቱም ወገን እጃችሁ መሃሉ እንዲደርስ። ርጥብ አፈር ከተረገጠ ይጠቀጠቃል፣ ሥሩም አየር ያጣል።

ቀጥሎ ድንቹ። እዚህ ላይ አትሳነፉ። ማለዳ ውጡና የታችኛውን ቅጠል ገልብጡት። ላዩ ላይ ውሃ ያቃጠለው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አለ? ከሥሩስ በነጠብጣቡ ዙሪያ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር? ምች የሚባለው የድንች በሽታ መትቶታል ማለት ነው። ነጩ አየሩ ሲደርቅ ስለሚጠፋ እኩለ ቀን ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። ብርድና ርጥበት አብረው ከቆዩለት ማሳውን በቀናት ውስጥ ያጠቁረዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን ያስራበው ይኸው በሽታ ነው። የተያዘው ሁለት ሦስት ተክል ከሆነ ነቅላችሁ ከጓሮ አርቁት፣ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሩት። ከተስፋፋና ድንቹ ፍሬ ከያዘ ደግሞ አገዳውን ከመሬት አጭዳችሁ አንሱ፣ ሁለት ሳምንት ታገሡ፣ ከዚያ ቆፍሩ። ቆዳው ይጠነክራል፣ ቅጠሉ ላይ የነበረው በሽታም ፍሬው ላይ አይወርድም። አፈር በደንብ አስታቅፉት፣ ፍሬው እንዳይጋለጥ። ማንኮዜብ የሚባለውን ፀረ ሻጋታ መድኃኒት የምትረጩ ከሆነ ምልክቱ ሳይታይ በፊት ነው፤ እሱ ይከላከላል እንጂ አያድንም። ለከርሞ ዘር ስትገዙ በለጠ ወይም ጉዳኔ ጠይቁ፣ ከብዙዎቹ ነባር ዘሮች የተሻለ ይቋቋማሉ።

ነጭ ሽንኩርት ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ከሆነ አንዱን ንቀሉት። ሥሩ ላይ ጥጥ የሚመስል ሻጋታና ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ካያችሁ፣ በዚያ መደብ ላይ ለብዙ ዓመታት ነጭም ቀይም ሽንኩርት አትትከሉ። በሽታው አፈር ውስጥ ይቆያል።

ጎመን ክረምቱን ይወደዋል። ከታች ከታች እየቀነጠሳችሁ ለፍልሰታ ጾም ብሉት፣ እምቡጡን አትንኩ። ጠላቱ ቀንድ አውጣ ነው። አመድ በተን አድርጉ ይባላል፣ ግን አመድ የሚሠራው ደረቅ ሲሆን ነው፣ በሐምሌ ዝናብ ምን ያደርጋል? ማታ አሮጌ ጆንያ መደቡ አጠገብ አንጥፉ። ጠዋት ስትገልጡት ከሥሩ ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ፣ ልቀሙና አስወግዱ።

ፍጉን ጉድጓድ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ውሃ ይሞላውና ይሸታል እንጂ አይበስልም። ከመሬት በላይ ከምሩት፣ በሣር ወይም በላስቲክ ክደኑት።

ነሐሴ ሲገባ የመስከረምን አስቡ። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል፣ እኛ ዘንድ ግን መስከረምም ይዘንባል፣ ስለዚህ ለችግኝ ጣራ ያስፈልጋል። ቀርከሃ አጥፋችሁ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ላስቲክ አልብሱት። ሣር አታድርጉበት። ብርሃኑ እንደሆነ አንሷል፣ በዚያ ላይ ጥላ ከበዛበት ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይረዝምና ይወድቃል። ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት በነሐሴ መጀመሪያ አራርቃችሁ ዝሩ፣ በሰባት ስምንት ሳምንት ይደርሳል። ግንዱ ከአፈሩ ጋር የተገናኘበት ቦታ እንደ ክር ቀጥኖ ካጋደመ ርጥበት በዝቶበታል ማለት ነው፤ የላስቲኩን ሁለት ጫፍ ክፈቱ፣ አየር ይግባ፣ የታመመውን አውጡ።

ጳጉሜ ላይ ዝናብ ባባራ ቁጥር ላስቲኩን ግለጡት፣ ፀሐይና ንፋስ ይልመድ። መስከረም መጨረሻ ላይ መደቡን ኮትኩቱና ችግኙን አመሻሽ ላይ አዛውሩት።