በርዊክ ሄዳችሁ እነዚህን አትሳሳቱ

በርዊክ በእንግሊዝ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከስኮትላንድ ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። እንግዳ ይዤ ስሄድ ሁሌ አንድ ነው። ከደቡብ የመጣው ባቡር ትዊድ ወንዝ ላይ ያለውን ባለ 28 ቅስት ድልድይ ሲይዝ ስልክ ከኪስ ይወጣል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል፣ «ስኮትላንድ ገባን!» ይባላል። ኧረ አልገባችሁም! ሰውን የሚያሳስተው የድልድዩ ስም ነው፤ «ሮያል ቦርደር ብሪጅ» (ንጉሣዊው የድንበር ድልድይ) ይሉታል። ድንበሩ ግን ገና ነው፣ ከከተማው በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ይቀራል። በርዊክ በእንግሊዝና በስኮትላንድ መካከል 13 ጊዜ ያህል ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገለባበጥ ኖራ ከ1482 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የእንግሊዝ ናት። በእርግጥ የእግር ኳስ ቡድኗ ስኮትላንድ ውስጥ ነው የሚጫወተው፣ ስለዚህ ብትደናገሩ ብዙም አልፈርድም። «ከሩሲያ ጋር እስከ ዛሬ ጦርነት ላይ ናት» የሚለውን ተረት ግን እንደ ታሪክ አትንገሩኝ።

ካርታ ይዞ የበርዊክን የድሮ ግንብ (ካስል) ፍለጋ መንከራተትም አለ። ቆማችሁበታል እኮ! የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በ1292 የስኮትላንድ ዘውድ ከተፎካካሪዎቹ ለአንዱ፣ ለጆን ባልዮል ይገባል ብሎ የፈረደበት የግንቡ አዳራሽ የነበረው አሁን ባቡር የምትጠብቁበት ቦታ ላይ ነው። ለባቡሩ ሲባል አፈረሱት። የተረፈውን ግድግዳ ወደ ወንዙ ወረድ ብላችሁ ታዩታላችሁ።

ሹል ጣሪያ ያየ ሁሉ «ቤተ ክርስቲያን» ይላል። እሱ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። እውነተኛው ቤተ ክርስቲያን በክሮምዌል ዘመን፣ ጌጥ የማይወዱ ፕሮቴስታንቶች እንግሊዝን ሲገዙ የተሠራ ስለሆነ ማማ የለውም፤ ደወሉም የሚደወልለት ከማዘጋጃ ቤቱ ነው። ይህን ሳያውቁ ፎቶ ብቻ አንስተው የሚሄዱ ያሳዝኑኛል፣ ምክንያቱም ላይኛው ፎቅ ላይ የድሮው እስር ቤት አለ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። ዝም ብሎ ዘው አይባልም፣ በአስጎብኚ ነው፣ ሰዓቱን ቀድማችሁ ጠይቁ።

በከተማዋ ቅጥር ላይ ስትሄዱ ልጆቻችሁን እጃቸውን ያዙ። ሣሩ ሜዳ ይመስላል፣ ከዚያ ድንገት ገደል ነው፣ መከላከያ የሌለበት ቦታ ብዙ ነው።

የመጨረሻው የራሴ ጉድ ነው። መጀመሪያ የሄድኩት በየካቲት ነበር። ሙዚየሞቹ ያሉበትን የድሮውን የወታደር ካምፕ ላሳይ ብዬ ሦስት ሰው ይዤ፣ በዚያ ብርድ። በሩ ጥርቅም! እዚያ ብዙ ነገር በብርዱ ወራት እንደሚዘጋ ማን ነግሮኝ፣ እኔስ መች ጠየቅሁ። አንዷ እንግዳዬ የተቆለፈውን በር ፎቶ አንስታ እስካሁን በየገናው ትልክልኛለች።