ርካሽ ትኬት ፍለጋ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ትኬት መቁረጥ ሥራዬ ነው። ለእረፍት ውጭ አገር ሊሄድ ያሰበ ሰው ስልኩን አውጥቶ «ይኸው፣ አንተ ካልከው በግማሽ ዋጋ አገኘሁ» ሲለኝ ከልቤ ደስ ይለኛል። አንዳንዴም እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ስክሪኑ ላይ ያየው ቁጥር የጉዞው ዋጋ አይደለም። የጉዞ ዋጋ ልቅም ብሎ የሚታወቀው ሻንጣው፣ አውቶቡሱና ያላሰባችሁት ሆቴል ሲደመር ነው። ከታች የጻፍኳቸው በቅደም ተከተል አይደሉም። በጣም ከሚያንገበግበኝ እጀምራለሁ።

ሁለት ትኬትን እንደ አንድ መቁጠር

መፈለጊያ ገጾች ዋጋ ለማውረድ ሲሉ የአንዱን አየር መንገድ በረራ ከሌላው ጋር ይገጣጥማሉ። ስክሪኑ ላይ ስታዩት አንድ ጉዞ ይመስላል። በውሉ ግን ሁለት ጉዞ ነው። ሁለቱ አየር መንገዶች አይተዋወቁም። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው ዘንድ ስማችሁ የሚመዘገበው «ሳይመጣ የቀረ» ተብሎ ነው። ትኬቱ ተቃጠለ ማለት ነው። በሚቀጥለው በረራ በነጻ አያሳፍሯችሁም፣ ሆቴልም አይሰጧችሁም። የዘገየው የእነሱ አውሮፕላን አይደለማ!

አንድ ጊዜ አዲስ ተጋቢዎች መጡ። ትኬቱን ራሳቸው ቆርጠው፣ ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ነው ያሳዩኝ። መሃል ላይ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቆይታ አለ። «በቂ ነው አይደል?» አሉኝ። በአንድ ትኬት ቢሆን በቂ ነበር። የመጀመሪያው በረራ 50 ደቂቃ ዘገየ። ይሄ እንኳን ብቻውን ባልገደላቸው። ነገር ግን ትኬቱ ሁለት ስለሆነ ሻንጣቸው እስከ መጨረሻው አልተላከም። ኢሚግሬሽን ተሰልፈው አለፉ። ሻንጣ ጠበቁ። ሻንጣውን እየገፉ ወደ መነሻው ፎቅ ወጡና እንደገና ቼክ ኢን ሊያደርጉ ሄዱ። ካውንተሩ ከተዘጋ 9 ደቂቃ ሆኖታል። ልጅቷ እዚያው ቆማ ደወለችልኝ። «አውሮፕላኑ አልተነሳም እኮ፣ በመስታወቱ ይታየኛል» አለችኝ። ምን ልበላት? በዚያው ቀን የገዙት አዲስ ትኬት ተርፎናል ካሉት ገንዘብ 3 እጥፍ ነበር።

እነሱ ደግሞ ለዚያ አገር ቪዛ ስለማያስፈልጋቸው ነው እዚያ ድረስ የደረሱት። ሻንጣ ለማውጣት ኢሚግሬሽን ማለፍ ማለት አገሩ መግባት ነው። ቪዛ የሚጠየቅ ሰው ከመነሻው ካውንተር ላይ ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ዝርዝሩን ከፍታችሁ አንብቡ። «የተለያዩ ትኬቶች» ወይም «መሸጋገሪያውን በራስዎ ያከናውናሉ» የሚል ነገር በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ታገኛላችሁ። እኔም አንዳንዴ ሁለት ትኬት ገጣጥሜ እጓዛለሁ፤ አልዋሽም። ግን የእጅ ሻንጣ ብቻ ይዤ፣ ቪዛውን አረጋግጬ፣ መሸጋገሪያዋ ከተማ ላይ አንድ ሌሊት አድሬ ነው።

የትራንዚት ቪዛን መርሳት

በአንድ ትኬት ብትሄዱም ይሄ አይቀርላችሁም። አሜሪካ ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ብትወርዱ እንኳ ኢሚግሬሽን ማለፍ ግዴታ ነው። ብሪታንያና የሸንገን አገሮችም (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) የአንዳንድ አገር ፓስፖርት የያዘውን ሰው የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠይቃሉ። ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት ፓስፖርታችሁ በየት በየት እንደሚያሳልፋችሁ እወቁ። በዚያ በኩል ማለፍ ካልቻላችሁ ርካሽነቱ ምን ያደርጋል?

ከተማውን አይቶ ኤርፖርቱን አለማየት

ለንደን በስሟ የሚጠሩ 6 ኤርፖርቶች አሏት። በፓሪስ ስም የሚሸጠው ቦቬ ከከተማዋ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የፍራንክፈርቱ ሃን ደግሞ ወደ 120 ኪሎ ሜትር። እዚያ በእኩለ ሌሊት ወርዳችሁ ታክሲ ስትጠሩ የተረፈው ገንዘብ እዚያው ይቀልጣል። በአንዱ ኤርፖርት ወርዶ ከሌላው መነሳት ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ኢስታንቡል ላይ አንዱ ኤርፖርት በአውሮፓ በኩል፣ ሳቢሃ ጎክቼን በእስያ በኩል ነው። ቶኪዮም ናሪታና ሃኔዳ አሏት። የከተማው ስም አንድ ሆነ ማለት ቦታው አንድ ነው ማለት አይደለም።

የሻንጣውን ዋጋ ሳይደምሩ ማወዳደር

በብዙዎቹ ርካሽ አየር መንገዶች የመጀመሪያው ዋጋ የሚፈቅደው ከመቀመጫ ስር የምትገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። ከላይ የሚቀመጠው የእጅ ሻንጣ ይከፈልበታል። የሚላከው ይከፈልበታል። መቀመጫ መምረጥ ይከፈልበታል። አንዳንዶቹ ኤርፖርት ላይ ቼክ ኢን ለሚያደርግም ያስከፍላሉ። በተለይ ሻንጣውን በር ላይ ለመጨመር መሞከር ኪስ ያራቁታል፤ ቀድሞ በኦንላይን መክፈል ሁሌም ይሻላል።

እኔ ወረቀት አወጣለሁ። በግራ ርካሹን፣ በቀኝ ውዱን እጽፋለሁ። ከግራው ስር ሻንጣ መሄጃ፣ ሻንጣ መመለሻ፣ መቀመጫ፣ ከኤርፖርት ወደ ከተማ፣ ሌሊት ከሆነም ማደሪያ እያልኩ እደምራለሁ። ውዱ ብዙዎቹን አብሮ ይሰጣል። 5 ደቂቃ አይፈጅም። ሰዎች ውጤቱን ሲያዩ ዝም ይላሉ።

ቀን መሳሳት

ይሄን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ያውም በሥራው ላይ ሆኜ፣ እህቴን ይዤ ስሄድ። ትኬቱ ላይ ቀኑ 14፣ ሰዓቱ 00:30 ይላል። እኔ 14ን ውለን ማታ እንሄዳለን ብዬ ያዝኩት። 00:30 ማለት ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል፣ ለ14 አጥቢያ ነው። ኤርፖርት መድረስ የነበረብን በ13 ማታ ነበር። በ14 ማታ ሻንጣችንን ይዘን ስንደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው። እህቴ ምንም አላለችኝም። ዝምታዋ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ስታዩ «ለዚህ ቀን አጥቢያ» ብላችሁ ካላንደራችሁ ላይ ጻፉ።

ስም

ፓስፖርቱን ፊት ለፊታችሁ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል ገልብጡ። ከጭንቅላታችሁ አትጻፉ።

«ደጋግሜ ስላየሁት ዋጋው ጨመረ» ብሎ ማመን

ጀማሪዎች ይሄን ሲነግሩኝ አልፈርድባቸውም፤ በእርግጥም እንደዚያ ይመስላል። ግን ነገሩ እንዲህ ነው። አየር መንገዶች ያንኑ የኢኮኖሚ ክፍል መቀመጫ በብዙ የዋጋ ደረጃ ይከፋፍሉታል። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ፊደልና የተወሰነ መቀመጫ አለው። የርካሹ ደረጃ ሲያልቅ ቀጣዩ ይከፈታል። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ከእናንተ በግማሽ የከፈለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚገኝ ትልቅ ጥቅም አለ። ብዙዎች ለ4 ሰው አንድ ላይ ይፈልጋሉ። በርካሹ ደረጃ 2 መቀመጫ ብቻ ቀርቶ ከሆነ ሲስተሙ አብዛኛውን ጊዜ አራቱንም በውዱ ዋጋ ያወጣዋል። መጀመሪያ ለ1 ሰው ፈልጉ። ከዚያ ለ2፣ ከዚያ ለ4። የአንድ ሰው ዋጋ ከተቀየረ 2 እና 2 አድርጋችሁ ቁረጡ። ከዚያ አየር መንገዱን ደውላችሁ ሁለቱ ቡኪንጎች አብረው የሚጓዙ ሰዎች መሆናቸውን አስመዝግቡ።

ትኬት የሚረክስበት ምትሃተኛ የመግዣ ቀንም አትፈልጉ። ልዩነት የሚያመጣው የምትበሩበት ቀን ነው። ከትኬት መፈለጊያ ገጾቹ ጉግል ፍላይትስ ላይ ካላንደሩን፣ ስካይስካነር ላይ ሙሉ ወሩን ከፍታችሁ እዩ። ሄዳችሁ የምትመለሱበትን በአንድና ሁለት ቀን ብቻ ወዲህ ወዲያ ስታደርጉት ብዙ ጊዜ የሚገርም ልዩነት ይመጣል። ከዚያ የዋጋ ማሳወቂያውን አብሩና ተዉት።

ደርሶ መልስ ቆርጦ የመጀመሪያውን በረራ መተው

«መመለሻውን ብቻ እጠቀምበታለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። የመጀመሪያውን ካልተሳፈራችሁ የቀረው በሙሉ ሊሰረዝ ይችላል፤ መመለሻውም ጭምር።

ለጥቂት ብር ብሎ ከማያውቁት ሻጭ መግዛት

ማወዳደሪያው ገጽ ራሱ አይሸጥላችሁም፤ ወደ ሌላ ይልካችኋል። ሁሉም ደህና ሲሆን ችግር የለውም። በረራው የተቀየረ ቀን ግን አየር መንገዱ «ከገዛህበት ጠይቅ» ይላል፤ የሸጠው ደግሞ ስልክ አያነሳም። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በቀጥታ ከአየር መንገዱ ግዙ። ኤጀንት ሆኜ ይሄን ማለቴ ሊገርማችሁ ይችላል፤ ግን ስልኩን የማያነሳ ኤጀንት የማንም ጓደኛ አይደለም። ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ ስትበሩ ሌላም ጥቅም አለው። ጉዞው 7 ቀንና ከዚያ በላይ ከቀረውና በቀጥታ ከአየር መንገዱ ከገዛችሁ፣ አየር መንገዱ ዋጋውን ለ24 ሰዓት ሳያስከፍል ካልያዘላችሁ በቀር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ብትሰርዙ ገንዘባችሁ ሙሉውን ይመለሳል።

ቪዛ ሳይመጣ የማይመለስ ትኬት መግዛት

ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው ሪዘርቬሽን (ቦታ መያዝ) ነው፤ ሙሉ ክፍያ አይደለም። ፓስፖርታችሁንም እዩ። ሸንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይና ከተሰጠ 10 ዓመት ያላለፈው ይፈልጋል። ብዙ ሌሎች አገሮች ደግሞ 6 ወር ይላሉ።

ሪዘርቬሽንን ትኬት ነው ብሎ መተኛት

የቡኪንግ ኮድ (ቦታ የያዛችሁበት መለያ) መጣላችሁ ማለት ትኬት ወጣላችሁ ማለት አይደለም። ክፍያው መሃል ላይ ከተንጠለጠለ ቦታው ይለቀቃል፤ እናንተም የምታውቁት ካውንተር ላይ ስትደርሱ ነው። የደረሳችሁን ኢሜይል ክፈቱና 13 አሃዝ ያለውን የትኬት ቁጥር ፈልጉ። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የየራሱ አለው። ከዚያ በቡኪንግ ኮዱ አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ግቡ። ስሙን፣ ቀኑንና የሻንጣውን ኪሎ እዩ። ቁጥሩ ከሌለ ያኔውኑ ደውሉ፤ ለነገ አታሳድሩት።