ነባር ፈጣን አውቶሞቢልን በግቢ ውስጥ ማደስና መንከባከብ፦ ለደብረ ብርሃንና ለጣርማ በር መንገድ

ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ፈጣን አውቶሞቢል ገዝቶ በግቢው ያቆመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያስበው ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። በሰሜን ሸዋ ለሚነዳ መኪና ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ተርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተርም እዚህ የሚስበው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚስበው ከሩብ በላይ ያነሰ በመሆኑ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። 211 የፈረስ ጉልበት እንዲሰጥ የተሠራ ሞተር እዚህ ከ150 ብዙም አይዘልም፤ ይህንንም ምንም ዓይነት ጥገና አይመልሰውም። በአንጻሩ ከጣርማ በር ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል እስከ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ ከ1,800 ሜትር በላይ ቁልቁለት ስላለው፣ በሄድን ቁጥር የሚፈተነው የመኪናው ፍሬን ነው፤ ስንመለስ ደግሞ ማቀዝቀዣው ይፈተናል። ስለዚህ ጊዜውም ገንዘቡም በቅድሚያ ለእነዚህ ይዋል።

በምሳሌነት የማነሣው በእጄ ያለውን ቢኤምደብሊው 535አይ ነው። ኢ34 የሚባለው ይህ ሞዴል በ1988 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ኤም30 ሞተር ግን ዘሩ እስከ 1968 ወደ ኋላ ይሄዳል። ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉም በተራ መፍቻ ይደረስበታል። የዚያን ዘመን መርሴዲስ ያለው ሰው ቁጥሮቹን ከመኪናው መጽሐፍ አመሳክሮ አሠራሩን ሊከተል ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና በአግባቡ ማቆየት ለስሜት ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ሥራው የሚጀመረው መኪናውን ከማንሣት ነው፤ እዚህ ላይ ቸልተኛ የሆነ ሰው ሳይ እጅግ እጨነቃለሁ። 1,500 ኪሎ ገደማ የሚመዝን መኪና በክሪክ ብቻ ተይዞ ከሥሩ መግባት ፈጽሞ አይገባም። የግቢያችን አፈር በተለይ ክረምት እንደወጣ ለስላሳ ስለሆነ የክሪኩ እግር ሳይታወቅ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰፊ ሳንቃ ከሥሩ ይነጠፍ። መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዙ፤ መኪናው ከተነሣ በኋላም ክብደቱ በጠንካራ የብረት ድጋፍ ላይ ይረፍ። ብሎኬት ለዚህ አይሆንም፤ ያለ ምንም ምልክት በአንድ ጊዜ ይፈረካከሳል።

መኪናውን ስረከብ የሙቀት መለኪያው ቀስት በማለዳ ከሰማያዊው ክልል አልወጣ ይል ነበር፤ ወደ ጣርማ በር ሽቅብ ሲሄድ ደግሞ ያው ቀስት ወደ ቀዩ ይጠጋል። ሁለት የተለያየ ብልሽት ያለበት መስሎኝ ራዲያተሩን አውርጄ አጸዳሁ፤ ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ የቴርሞስታቱን፣ ማለትም እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ ቤት ስፈታ ውስጡ ባዶ ነበር። የቀድሞው ባለቤት እንደነገረኝ፣ አንድ ጋራዥ መኪናው እንዳይሞቅ በሚል አውጥቶ ጥሎታል። ይህ በየቦታው የተለመደ አሠራር ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ስለሆነ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። በኤም30 ላይ ያለው ቴርሞስታት ሁለት በር አለው፤ ሞተሩ ሲግል ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፣ ውሃው በራዲያተሩ ሳያልፍ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ይዘጋል። ዕቃው ከወጣ አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀርና ከፊሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል፤ ዳገት ላይ የሚያግለው ይህ ነው። በውርጭ ማለዳ ደግሞ ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በራዲያተሩ ስለሚያልፍ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ በቤንዚን ይቀጥናል፣ ሲሊንደሮቹም ያለ ጊዜያቸው ያልቃሉ።

አዲሱ ቴርሞስታት ከመገጠሙ በፊት በድስት ይፈተሽ። በክር አንጠልጥለው የድስቱን ግርጌ እንዳይነካ አድርገው ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ ቴርሞሜትር አስገብተው በዝግታ ያሙቁና በሩ የሚላቀቅበትን ዲግሪ ይመልከቱ። ለዚህ ሞተር የሚገጠመው 80 የሚል ቁጥር የታተመበት ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ፣ ባለ 80ው ውሃው ከመንተክተኩ በፊት ሲከፈት በግልጽ ይታያል፤ 92 የታተመበትን የሌላ ሞተር ቴርሞስታት በዚያው ድስት የሚሞክር ሰው ግን ደህናውን ዕቃ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል።

የራዲያተር ክዳንም በዚህ ከፍታ ተራ ነገር አይደለም። ክዳኑ 1 ባር ግፊት በትክክል ቢይዝ ውሃው እዚህም ቢሆን እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል፤ ጎማው ደርቆ ግፊቱን የሚያፈስ ክዳን ግን ሞተሩን በድስቱ መፍያ ላይ ይጥለዋል። ይህም ማለት የመለኪያው ቀስት ገና ጤነኛ በሚመስል ቦታ ላይ እያለ ውሃው በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ሊፈላ ይችላል ማለት ነው፤ የኤም30 ቴስታታ አሉሚኒየም በመሆኑ አንድ ከባድ ግለት ሊያጣምመውና ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ሊያቃጥለው ይበቃል። ክዳኑን አዲስ ይግዙ፤ በአሮጌው ላይ የታተመው የግፊት ቁጥር ከአዲሱ ጋር አንድ መሆኑንም ያረጋግጡ።

ከዚያ በኋላ የቆየው ውሃ ይፍሰስ። የእኔ የቡና አተላ ይመስል ነበር። ጥርት ያለ እስኪወጣ ድረስ ደጋግመው ካጠቡ በኋላ ግማሹ ለአሉሚኒየም ተስማሚ የሆነ ፀረ በረዶ ፈሳሽ፣ ግማሹ የተጣራ ውሃ የሆነ ድብልቅ ይሙሉ። ፀረ በረዶው ለደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ከመከላከሉም ሌላ ዝገትን ይይዛል፤ ባዶ የቧንቧ ውሃ ይህን አያደርግም። ሲሞሉ የመኪናውን አፍንጫ በትንሹ ከፍ አድርገው፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ በቴርሞስታቱ ቤት አናት ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ያላሉ፤ አረፋ የሌለበት ፈሳሽ ሲወጣ ያጥብቋት። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ነው።

ወደ ፍሬን ስንመጣ የመጀመሪያው ሥራ ፈሳሹን መቀየር ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው ዓይነት ሊፈላበት የሚፈቀደው ዝቅተኛ ሙቀት አዲስ ሆኖ 230 ዲግሪ፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 155 ዲግሪ ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፈሳሹ ከፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለሉን ይነካል። በየሁለት ዓመቱ መቀየርን እንደ ግዴታ ይቁጠሩት። ከፍሬን ማስተሩ (ፔዳሉ ከሚገፋው የፍሬን ፓምፕ) በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀምሩ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ረዳቱ ፔዳሉን ተጭኖ እንደያዘ በዚያ ጎማ ፍሬን ላይ ያለውን የፈሳሽ ማስወጫ ይከፍቱና ይዘጋሉ፤ ፔዳሉ የሚለቀቀው ማስወጫው ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው። እኔ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ስሠራ «ያዝ» እና «ልቀቅ» ከሚሉት ሁለት ቃላት በስተቀር ሌላ ወሬ እንዳይኖር ተስማምተናል፤ በመካከል ሌላ ነገር ከተወራ ስሕተት ይገባል። ቀለም ላይ የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ወዲያው በውሃ ይታጠብ።

የፍሬን ሸራውንና ዲስኩን ያስተያዩ፤ የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት በራሱ ላይ ታትሟል። ብዙ ሰው የሚዘለው ግን የፍሬኑን የላስቲክ ቱቦዎች ነው። ከውጭ ደህና የሚመስል አሮጌ ቱቦ ከውስጥ አብጦ ግፊቱን ያሳልፍና መልሶ አይለቅም፤ ያ ጎማ ሳይታወቅ ተይዞ ይሄዳል። መኪናው ሠላሳ ዓመት ከሞላው ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ ይሻላል።

የቤንዚን ቱቦዎችም እንዲሁ ናቸው። በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ቱቦ በጣት ጎንበስ ሲያደርጉት ስንጥቅ የሚያሳይ ከሆነ ያ መኪና ሳይለወጥለት አይነሣ፤ በግፊት የሚሄድ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ሲረጭ ውጤቱ የታወቀ ነው። ከአየር መለኪያው ወደ ሞተሩ የሚገባው ወፍራም ላስቲክ ሲሰነጠቅ ደግሞ ሞተሩ በቆመበት ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን ሳያዩ ካንዴላና ቦቢና የሚቀይሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

በሰዓት ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ፣ በተለይም ፍሬን ሲይዙ፣ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጎማ ከማስመዘን አስቀድሞ የፊት እግሩን ጎሚኒዎች (ብረቶቹ የሚገናኙባቸውን ላስቲኮች) መመልከት ይገባል። በዚህ ሞዴል ላይ ከፊት ለፊት ወደ ጎማው የሚሄደው ክንድ ፈሳሽ ያለበት ጎሚኒ አለው፤ ሲቀደድ ፈሳሹ በብረቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ጥቁር እድፍ ትቶ ይወጣል። ለቢኤምደብሊው 750 የተሠራው ጠጣር ጎሚኒ በቦታው ስለሚገጥምና ረዘም ያለ ዕድሜ ስላለው እኔ እርሱን መርጫለሁ። አንድ ነገር ግን አይዘንጋ፤ የጎሚኒው ቡሎን በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በጎማዎቹ ላይ ቆሞ ክብደቱን ካሳረፈ በኋላ ነው። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ሁልጊዜ ተጠማዝዞ ይኖርና በጥቂት ወራት ውስጥ ይቀደዳል።

ፍሬንና ማቀዝቀዣ ካስተማመኑ በኋላ ወደ ሞተሩ ይገባል። ማጣሪያው ሲቀየር ይህ ሞተር 5.75 ሊትር ዘይት ይይዛል፤ እኔ የውፍረት ደረጃው 15-40 የሆነውን ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። ከሁሉም የምወደው ሥራ ግን የቫልቮላ (የሲሊንደሩን አየር መግቢያና ጭስ መውጫ የሚከፍተውና የሚዘጋው በር) ክፍተት ማስተካከል ነው፤ ሞተሩ አድሮ መቀዝቀዝ ስላለበት ማለዳ ጸሐይ ግቢው ላይ ሳትወጣ እጀምራለሁ። ክዳኑ ሲነሣ በካምሻፍቱ (ቫልቮላዎቹን በሚከፍተው ዘንግ) ላይ ዘይት የሚያንጠባጥበውን ቀጭን ቱቦ ይመልከቱ። እርሱን የያዙት ውስጣቸው ክፍት የሆነ ቡሎኖች በጊዜ ብዛት ይላላሉ፤ የእኔ አንደኛው በጣት ሲነካ ዞሯል። ከወለቀ ካምሻፍቱ ያለ ዘይት ይቀርና ይበላል። አዲስ ማኅተም አድርገው ያጥብቁት።

ካንዴላዎቹን በሙሉ ያውጡና ሞተሩን ከፊት ባለው ትልቅ ቡሎን በመፍቻ በሰዓት አቅጣጫ ያዙሩ። የስድስተኛው ሲሊንደር አንዱ ቫልቮላ ተዘግቶ ሳያበቃ ሌላው መከፈት ሲጀምር ይቁሙና የአንደኛውን ሲሊንደር ሁለት ቫልቮላዎች ይለኩ። ጥንዶቹ 1 ከ6፣ 5 ከ2፣ 3 ከ4 ናቸው፤ አንዱ ሲወዛወዝ ሌላው ይለካል። ክፍተቱ በቀዝቃዛ ሞተር 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። የማስተካከያውን ዳዶ በ10 ቁጥር መፍቻ ያላሉ፤ ጫፉ የታጠፈ ጠንካራ ሽቦ ዳዶው በሚይዘው ክብ ብረት ቀዳዳ ውስጥ አስገብተው በጥቂቱ ያዙሩ፤ መለኪያው ቅጠል ሲሳብ ለስለስ ያለ መያዝ ሊሰማ ይገባል። ዳዶው ሲጠብቅ ብረቱ ትንሽ ስለሚሸሽ እንደገና ሳይለኩ ወደሚቀጥለው አይሂዱ። የጠበበ ክፍተት ድምፅ አያሰማም፤ ነገር ግን ቫልቮላው በደንብ ስለማይዘጋ ያቃጥለዋል። ሰፋ ያለው ይንኳኳል እንጂ ቶሎ አይጎዳም።

ዝገት በደጋው አየር ዝግተኛ ነው፤ የክሪክ ማንሻ ቦታዎችን፣ የበሮቹን ግርጌና የቤንዚን መሙያውን ዙሪያ ከክረምት በፊትና በኋላ አጥቦ ማየት ይበቃል። መለዋወጫ ለመግዛት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሲወርዱ የሻንሲ ቁጥሩን የመጨረሻ ሰባት አኃዞችና የዕቃውን ባለ 11 አኃዝ ቁጥር በወረቀት ይያዙ፤ በዓይን ተመሳሳይ የሆነ ዕቃ ብዙ ነው። ጎማ ሲገዙም ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አሥር ዓመት የቆየ ጎማ ለቁልቁለት አይታመንም።

ሁሉም ሲያልቅ መኪናውን ወደ ደብረ ሲና ይውሰዱት። ከጣርማ በሩ ዋሻ እንደወጡ ማርሹን ቀንሰው ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው ያድርጉ፤ ፍሬኑን ሳያቋርጡ ከመርገጥ ይልቅ ጠንከር አድርገው ይዘው ይልቀቁት። ከተማው ሲደርሱ ሜዳ ቦታ ላይ ያቁሙና እጅዎን ከእያንዳንዱ ቸርኬ ጥቂት ጣቶች ርቀት ላይ፣ ብረቱን ሳይነኩ ያስጠጉ። የፊቶቹ ከኋላዎቹ ቢግሉ ተፈጥሯዊ ነው። በአንድ አክስል ላይ ካሉት አንዱ ከጓደኛው በግልጽ ከጋለ ግን ያ ካሊፐር (ሸራውን በዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ወይም ያ ቱቦ አይለቅም ማለት ነው፤ ወደ ቤት በዝግታ ይመለሱና ያንን ጎማ እንደገና ይፍቱ።