የመኪና መስታወት ላይ ዝናብ የሚያንሸራትት ፈሳሽ ስትቀቡ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ክረምት ሲገባ ሰዉ ሁሉ የሚገዛው ያንን የፊት መስታወት ላይ ሲቀባ ዝናቡን ክብ ክብ አርጎ የሚያንሸራትተውን ፈሳሽ ነው። ሬይን ኤክስም በሉት ሌላ፣ ስራው ያው ነው፣ ብዙዎቹ ሲሊኮን ነገር ናቸው፣ መስታወቱ ላይ በስሱ ይይዝና ውሃው መለጠፉን ትቶ እየተንከባለለ ይሄዳል። እኔ ረጅም መንገድ ስለምነዳ በጣም ጠቅሞኛል፣ ግን አቀባቡን ካላወቁበት ጭራሽ ባይቀባ ይሻል ነበር የሚያስብል ነገር ነው፣ በተለይ ማታ።

ትልቁ ስህተት መስታወቱ ሳይፀዳ መቀባት ነው። መኪናው ላቫጆ ገብቶ ወጣ ማለት መስታወቱ ፀዳ ማለት አይደለም እኮ። ከፊታችሁ ያለው መኪና የሚተፋው የናፍጣ ጭስ፣ ከአስፋልቱ እየተረጨ የሚመጣው ዘይት፣ ላቫጆ የተቀባው ዋክስ ምናምን፣ ይሄ ሁሉ ስስ ቅባት ሆኖ መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ በአይን አይታይም። እዛ ላይ ስትቀቡት ፈሳሹ የሚይዘው ቅባቱን ነው፣ ቅባቱ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ከዛ "ፎርጅድ ሸጡልኝ" ይባላል። ማወቂያው ቀላል ነው፣ ካጠባችሁ በኋላ አንድ ጆግ ንፁህ ውሃ ከላይ ድፉበት፣ ውሃው ሳይቆራረጥ እኩል ተዘርግቶ ከወረደ ፀድቷል፣ እዚህም እዚያም እየሸሸ ከተበታተነ ገና ነው። እኔ መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በአልኮል ነው የምወለውለው፣ ውሃ ደርቆበት የቀረ ነጭ ነጠብጣብ ካለ ደግሞ አቼቶ ያነሳዋል። ከዛ በደንብ መድረቅ አለበት።

ሁለተኛው ፀሀይ ላይ መቀባት ነው፣ ይሄ በኔ የደረሰ ነው። ቀን ሰባት ሰዓት ላይ መስታወቱ እንደ ምጣድ ግሎ ቀባሁት፣ ሳልወለውለው ደረቀ፣ ሲታይ ምንም አይልም ነበር። ማታ ከደብረ ብርሃን ስመለስ ከፊት የመጣ አይሱዙ መብራቱን ሲለቅብኝ መስታወቱ በሙሉ ወተት የተደፋበት መሰለ፣ መንገዱም ጠርዙም ጠፋኝ፣ ዳር ይዤ እስክቆም ድረስ ልቤ ቆሞ ነበር። መፍትሄው እርጥብ ጨርቅ ብቻ ነበር፣ በእርጥቡ ጠርጌ በደረቅ ስወለውለው ያ ነጭ ነገር ለቀቀ። ስለዚህ ጥላ ቦታ፣ መስታወቱ ሲቀዘቅዝ፣ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዛችሁ ቀቡት፣ ከጨረሳችሁ በኋላ ማታ በመብራት ሳታዩት ረጅም መንገድ አትውጡ።

ብዙ ማፍሰስም አይጠቅምም፣ ስስ አርጎ ሁለቴ መቀባት ይበልጣል።

ሌላው ደግሞ "ከእንግዲህ ዋይፐር አያስፈልገኝም" የሚለው ነው። ጠብታውን የሚያባርረው ንፋሱ ነው፣ በሰዓት 60 እና 70 ኪሎ ሜትር ከዛም በላይ ስትነዱ፣ ለምሳሌ የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ፣ ጠብታው እየሮጠ ወደ ላይ ሲሸሽ ታዩታላችሁ ደስ ይላል። መገናኛ ጋ ግን መኪና ቆሞ ሲንፏቀቅ ጠብታው እዛው ቁጭ ነው የሚለው፣ የፍሬን መብራት ብርሃን እያንዳንዷ ጠብታ ላይ እየተሰበረ ይበታተናል፣ እግረኛ ይደበቅባችኋል፣ ዋይፐር የግድ ነው። የዋይፐሩ ጎማ ያረጀ ከሆነ ደግሞ የተቀባው መስታወት ላይ እየዘለለ ይንቀጠቀጣል፣ መስመር መስመር ይተዋል፣ ጎማውን ቀድማችሁ ቀይሩት።

ውስጡን በዚሁ የሚቀቡም አሉ፣ እንዳይጨልምባቸው ብለው። በፍፁም። ውስጥ የሚያጨልመው የተሳፋሪው ትንፋሽ ነው፣ ይሄ ፈሳሽ ደግሞ እርጥበቱን ጠብታ ያረገዋል እንጂ አያጠፋውም። ለውስጥ የሚሆነው ፀረ ጉም ስራው ተቃራኒ ነው፣ ውሃውን እኩል ዘርግቶ ነው የሚያሳያችሁ። ጣርማ በርን በጉም ስታቋርጡ ኤሲውን ከፍታችሁ ንፋሱን ወደ መስታወቱ አዙሩት፣ እሱ ይበቃል።

አንዳንዱ አልኮል ስላለበት እሳት ይወዳል፣ ሲጋራ ይዛችሁ አትቀቡ፣ አይናችሁንም ጠብቁ።

ጠርሙሱ ላይ ይሄን ያህል ወር ይቆያል ቢልም ክረምት ዋይፐሩ ቀኑን ሙሉ ሲፍቀው ቶሎ ያልቃል፣ መጀመሪያ የሚለቀው ደግሞ ዋይፐሩ የሚሄድበት፣ በሾፌሩ አይን ትይዩ ያለው ቦታ ነው። ጠርዙ ላይ ውሃው ክብ ክብ እየሰራ እናንተ ፊት ለፊት ግን ከተለጠፈ ድጋሚ የመቀቢያው ጊዜ ደርሷል።