ፒክአፕዎን ከፍ ከማድረግዎ በፊት፦ ዕቃውን እንዴት ይመርጣሉ?

ባዶ ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ ፊቱ ዝቅ፣ ኋላው ከፍ ያለ ነው። ጉድለት አይደለም። ሲጫን ኋላው ወርዶ እንዲስተካከል ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ፊቱን ብቻ አንስተው ባዶውን ካስተካከሉት፣ የጫኑበት ቀን አፍንጫውን ሽቅብ ይቀስራል። የመብራቱን ነገር ደግሞ ከፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ይንገርዎ። ስለዚህ አዘውትረው የሚጭኑ ከሆነ ፊትና ኋላውን እኩል አያድርጉት፤ ኋላው ትንሽ ከፍ እንዳለ ይተዉት።

መጀመሪያ ይለኩ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙና ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብለው እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ አራቱንም ጎማ ይለኩ። ከመሬት ጀምረው አይለኩ፤ የጎማው ንፋስና እርጅና ልኩን ያዛባዋል። ግራና ቀኙ ጎላ ብሎ ከተለያየ ሞላው ወይም ባሌስትራው (ተደራራቢው የብረት ቅጠል) ደክሞ ሊሆን ይችላል። እሱን ሳይቀይሩ ማስነሻ፣ ማለትም መኪናውን ከፍ የሚያደርገውን ዕቃ፣ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ቀጥሎ ጎማ ይምረጡ። አዎ፣ ከማስነሻው በፊት። ኋላው ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኝ አንድ ወጥ ዘንግ) በሆነ መኪና ባሌስትራው ላይ የፈለጉትን ያህል ቢጨምሩ የሚነሳው ሻንሲውና ቦዲው ነው፤ አክስሉ መሃል ያለው የጥርስ ቤት፣ ዲፈረንሻሉ፣ ካለበት ንቅንቅ አይልም። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው፣ ያውም በግማሽ። የጎማው ቁመት 5 ሴንቲ ሜትር ቢጨምር ዲፈረንሻሉ 2.5 ይነሳል። ስለዚህ የሚፈልጉት ጎማ መሪው እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ ሳይነካ የሚዞርበትን ትንሹን ከፍታ ይያዙ። ከዚያ በላይ ያለው ለዓይን ነው።

አሁን ከፊት በኩል ጎንበስ ብለው ይዩ። ሞላውና ሾኩ (የሞላውን ንጥረት የሚያበርደው) አንድ ላይ ከሆኑ ርካሹ ምርጫ ከላይ የሚገባው ስፔሰር፣ ማለትም ማራቂያ ቁራጭ፣ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሾኩ የሚታሰረው ጎማውን ከሻንሲው ጋር ከሚያያይዘው ክንድ፣ ከኮንትሮል አርሙ፣ ጫፍ ሳይሆን ወደ መሃሉ ገባ ብሎ ስለሆነ፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፔሰር መኪናውን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ያነሳዋል። ሲገዙ የተጻፈው ቁጥር የስፔሰሩ ውፍረት ይሁን የመኪናው ከፍታ ይጠይቁ። ከሞላው ውጭ፣ ከሾኩ አናት ላይ የሚቀመጠው ምቾቱን ብዙም አይቀይርም፤ ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል ግን ቦል ጆይንቱን (ክንዱ ጫፍ ላይ ያለውን ተሽከርካሪ መጋጠሚያ) ከልኩ በላይ ሊስበው ይችላል። ሞላውን የሚጨምቀው ደግሞ መኪናውን ያደርቀዋል። አቅም ካለ ረዘም ያለ ሞላ ከሚስማማው ሾክ ጋር መግዛት ከሁለቱም ይሻላል።

እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ፋብሪካው የሠራቸው አካላት አብዛኛውን ጊዜ ይችሉታል። ከዚያ ሲያልፍ የላይኛው ኮንትሮል አርም መቀየር ይመጣል፣ ኃይል ወደ ፊት ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ፣ የሲቪ አክስሉ፣ አንግልም ይከፋል። 10 ሲደርስ የፊቱን ዲፈረንሻል ዝቅ የሚያደርግ ሙሉ ኪት ያስፈልጋል፤ ያ ሌላ ወጪ፣ ሌላ ሥራ ነው።

ከፊት በሞላ ፈንታ ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) ያለው መኪና ማስተካከያ ብሎኑን በማጥበቅ ብቻ ትንሽ ይነሳል። ባሩ ግን አይጠነክርም። ሲበዛ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያልቅና ጉድጓድ ሁሉ ጀርባዎን ይመታዎታል። ፊቱ ድፍን አክስል ከሆነና ሞላ ካለው፣ ሲነሳ አክስሉ ወደ ጎን ይሸሻል። ስለዚህ የሚስተካከል ፓናርድ ባር (አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ዘንግ) አብረው ይያዙ።

ኋላ ቀላል ነው። ከባሌስትራውና ከአክስሉ መሃል የሚገባ ብሎክ ርካሽ ነው፣ ምቾቱንም አይነካም። ነገር ግን ሁለት ብሎክ አይደራርቡ፤ ፊት አክስል ላይ ደግሞ በፍጹም አያስገቡ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረውን ዩ-ቦልት አዲስ ይግዙ፤ አንዴ የተሳበ ተመልሶ አይታሰርም። ተጨማሪ ቅጠል ባሌስትራ ጭነት ላይ ያግዛል፣ ባዶውን ግን ያነጥራል። ኤር ባግ (በአደጋ ጊዜ የሚነፋው ሳይሆን፣ ኋላውን የሚደግፈው የአየር ከረጢት) ለሚጭን ሰው ጥሩ ነው። የመኪናው የተፈቀደ ጭነት ግን በኤር ባግም በባሌስትራም አይጨምርም።

ዋጋ ሲያወዳድሩ የአላይመንቱን (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያውን) ሂሳብ ይጨምሩበት፤ አይቀርም። ገጣሚው የፍሬን ጎማ ቱቦና የኤቢኤስ (ጎማው በፍሬን እንዳይቆልፍ የሚያደርገው) ሽቦ ጎማው ተንጠልጥሎ መሪው ሲጠመዘዝ እንዳይወጠሩ ይይ። የፊት መብራቱም ወደ ታች ይስተካከል። መኪናው የሌይን ካሜራ ወይም ራዳር ካለው እሱንም ልኩን ያስተካክሉ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ብሎኖቹን፣ በተለይ ዩ-ቦልቱን፣ እንደገና ያስጠብቁ።