«ድንገት ነው» ብቻውን አይበቃም፦ አደጋን በወንጀል ክስ መከላከያ ማድረግ

«አስቤ አይደለም፣ ድንገት ነው» የሚለው መልስ ሐሳብ አለመኖሩን ያሳይ ይሆናል፤ ቸልተኝነትን ግን አያስተባብልም። ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 57 አስቦ ወይም በቸልተኝነት ያላጠፋን ሰው አይቀጣም፤ ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ የደረሰ ነገርም አያስጠይቅም። አንቀጽ 59 ደግሞ አደጋው ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ «አይደርስም» ብሎ የገባበትንም፣ ማወቅ ሲገባውና ሲችል ያላሰበውንም ቸልተኛ ይለዋል። የሚጠበቀው ጥንቃቄ በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በልምድና በሥራ ዓይነት ይለካል። ከነባር ሾፌር የሚጠበቀው ከተራ ሰው ይበልጣል።

ስለዚህ አስቀድመው የተከሰሱበትን አንቀጽ ያንብቡ። ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው። ክሱ የሰው ንብረት ሆን ብሎ ማበላሸት ከሆነ ሐሳብ አለመኖሩን ማሳየት ይበቃል። ሰው ሞቶ ከሆነ ግን ከአስቦ መግደል ቢያመልጡም በቸልተኝነት መግደልን የሚቀጣው አንቀጽ 543 አለ፦ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ። እንደ ሾፌርና ሐኪም የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ላለበት እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው፣ መቀጮም ይጨመርበታል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ግልጽ ደንብ ሆን ተብሎ ከተጣሰ ወይም መጠጥ ወይም ዕፅ ካለበት ከ5 እስከ 15 ዓመት ፅኑ እስራት ይደርሳል።

«ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለውን እንውሰድ። ዳኛው ማወቅ የሚፈልገው ብልሽቱ አስቀድሞ ይታወቅ እንደነበር ነው። ፔዳሉ ከጠዋት ጀምሮ እየላላ ሳለ መንዳት ቸልተኝነት ነው፤ በቅርቡ ተፈትሾ ምንም ምልክት ሳያሳይ ከተበጠሰ ግን ክርክሩ እግር አለው። የቦሎ ምርመራ ወረቀትና የጋራዥ ደረሰኝ ይሰብስቡ። መኪናው በባለሙያ ሳይመረመር እንዳይጠገን፤ አንዴ ከተጠገነ ማስረጃው ጠፋ ማለት ነው። ትራፊክ ፖሊስ ባነሳው ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ላይ የፍሬን ምልክቱን ርዝመት፣ የመንገዱን ስፋትና ተጎጂው የተመታበትን ቦታ ያመሳክሩ፤ ስህተት ካለ በጊዜ በጽሑፍ ይቃወሙ።

ፖሊስ ጣቢያ ቃል ሲሰጡ ያለመናገር መብት አለዎት (ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 19)። ከተናገሩ እውነቱን ብቻ ይናገሩ፣ ፍጥነትዎን በግምት አይናገሩ። «አላየሁትም» ብሎ ማቆም ጎጂ ነው፤ «መንገዱን አላየም ነበር» ተብሎ ይነበባል። ተጎጂው ከየት እንደወጣ፣ ምን እንደከለለው፣ እርስዎም ምን እንዳደረጉ ያስረዱ።

ከሁሉ በላይ ከቦታው አይሽሹ። ተጎጂውን ባለበት ጥሎ መሄድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ አደጋው ያለ ጥፋት የደረሰ ቢሆንም።

ችሎት ላይ ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም የዐቃቤ ሕግ ነው። ምስክሮቹ ሲጠየቁ «ምን ጥንቃቄ ቢደረግ ኖሮ አደጋው ይቀር ነበር?» የሚለው ጥያቄ ይነሳ። መልስ ካጡ ቸልተኝነት አልተረጋገጠም። «ይከላከል» የሚል ብይን (ተከሳሹ መከላከያውን ያቅርብ የሚል ውሳኔ) ከተሰጠ ግን ባለሙያና ሰነድ ይዞ መቅረብ ግድ ነው።

በነፃ መሰናበት ካሳን አያስቀርም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ያለ ጥፋትም ይጠየቃል፤ ስለዚህ አደጋው እንደደረሰ ለሦስተኛ ወገን መድን ሰጪው በጽሑፍ ያሳውቁ።