የግላኮማ ጠብታ እንዴት እንደሚደረግና ሳይቋረጥ እንዴት እንደሚዘለቅ

እናቴ ግላኮማ እንዳለባት ከታወቀ ስምንት ዓመት ሆኖታል። የምንኖረው ደሴ ነው። መድኃኒቱን መግዛት ከባዱ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ከባዱ ግን አንዲት ጠብታ ዓይን ውስጥ አስገብቶ እዚያው ማቆየትና ይህንኑ ዕለት ዕለት ሳይሰለቹ መድገም ነው።

በመጀመሪያ በሽታውን ከዓይን ሞራ ለዩት። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ ዓይንም ይበራል። ግላኮማ የሚጎዳው ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ስለሆነ የጠፋው አይመለስም። መድኃኒቱ የሚጠብቀው የቀረውን ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ እይታው ከዳር እየጠበበ ይመጣል እንጂ። ስለዚህ «እስኪበስል ቆይ» የሚል ጎረቤት ቢመጣ አትስሙት፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በእኛ አካባቢ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣል። ነርቩን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ የሚፈጥረው ግፊት ነው፤ መድኃኒቱም ይህን ግፊት ያወርዳል። የዓይን ግፊት በአብዛኛው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ደህና ይባላል፤ ነገር ግን ግፊቱ በዚህ መካከል ሆኖም ነርቩ የሚጎዳበት ሰው አለ። ነርቩም መታየት አለበት።

ቀጥሎ የታዘዘውን መድኃኒት በስሙ እወቁት። ቲሞሎል ዓይን ውስጥ የሚመነጨውን ፈሳሽ ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜ ጠዋትና ማታ ይደረጋል። አስም ያለበት ወይም የልብ ምቱ ዝግ ያለ ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር ቲሞሎል መጀመር የለበትም። ላታኖፕሮስት ፈሳሹ በደንብ እንዲወጣ ያደርጋል፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ነው። ሽፋሽፍት ቢያስረዝም አትደንግጡ። እነዚህ ካልበቁ ዶርዞላሚድ ወይም ብሪሞኒዲን ይጨመራል። አሴታዞላሚድ የሚባለው እንክብል ጣትን ይነዝራል፣ ሽንት ያመላልሳል፤ ብዙውን ጊዜ ለአጭር ጊዜ የሚታዘዝ ነው።

አሁን ወደ ጠብታው። እጃችሁን ታጠቡ። በሽተኛውን አልጋ ወይም መደብ ላይ በጀርባው አስተኙትና ጣሪያ ይይ። የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣት ሳብ አድርጋችሁ ትንሽ ኪስ አውጡ። ጠርሙሱን የያዘው እጃችሁ ግንባሩ ላይ ይረፍ፤ ያኔ አይንቀጠቀጥም። የጠርሙሱ ጫፍ ዓይንንም ሽፋሽፍትንም አይንካ። አንድ ጠብታ፣ አንድ ብቻ። ዓይን አንዷንም እንኳ ሙሉ በሙሉ አይዝም፤ ሁለተኛዋ የምትፈሰው ጉንጭ ላይ ነው።

ከዚያ ዓይኑን ቀስ ብሎ ይክደን፤ አያርገብግብ፣ አይጨምቅ። በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ማዕዘን በጣት ጫን አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ ያዙ። እዚያ ማዕዘን ላይ ዕንባን ወደ አፍንጫ የሚወስድ ቀጭን ቦይ አለ። ካልተዘጋ መድኃኒቱ በእሱ ወርዶ ወደ ደም ይገባል።

ይህን ያወቅሁት እናቴን ከጎዳኋት በኋላ ነው። ሦስት ሦስት ጠብታ እያፈሰስኩ «እማዬ፣ እንዲዋሐድ ዓይንሽን አርገብግቢው» እላት ነበር። ጉሮሮዋን እንደሚመራት ስትነግረኝ መድኃኒቱ መሥራቱ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጠርሙሱ በአሥራ አምስት ቀን አለቀ። ስትነሣ ያዞራት ጀመር፤ የልብ ምቷም ዝግ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ «እስቲ እፊቴ አድርግላት» አለኝና እጄን መሐል ላይ ያዘው። እናንተም ሐኪም ወይም ነርስ ፊት አንድ ጊዜ አድርጋችሁ አሳዩ።

ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመካከላቸው ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይቆይ፤ አለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል። በእኛ ቤት የጠዋቱ የመጀመሪያ ጠብታ ቡናው ሲቀራረብ፣ ሁለተኛው አቦል ከተጠጣ በኋላ ነው። ቡና በየቀኑ ስለሚፈላ ጠብታውም አይረሳም። ከስልክ ደወል ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ያልተከፈተ ላታኖፕሮስት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ከተከፈተ በኋላ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል፤ የተከፈተበትን ቀን ካርቶኑ ላይ ጻፉ። የደሴ ብርድ አያስቸግርም። ወደ ባቲ ስትወርዱ ግን መኪናው መስታወት ሥር አትተዉት።

በረመዳን ብዙ ዑለማዎች የዓይን ጠብታ ጾም አያፈርስም ይላሉ። ልቡ ያላረፈ ሰው ኢማሙን ይጠይቅ፤ የሁለት ጊዜውን በስሑርና በኢፍጣር ማድረግም ይቻላል። ጠበል የሚሄድም ጠብታውን ይዞ ይሂድ። ግፊቱ ወረደ ማለት መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ድኗል ብላችሁ እንዳታቋርጡ።

ለቀላ ዓይን ተብሎ ከጎረቤት የሚመጣውን ጠብታ ደግሞ እለምናችኋለሁ፣ አትንኩት። ዴክሳሜታዞን ያለበት ከሆነ ራሱ ግፊት ሊጨምር ይችላል።

ጠብታው ካልበቃ ወይም በየወሩ መግዛት ካልተቻለ ሌዘር የሚባል የጨረር ሕክምና አለ፤ ጥቅሙ ከዓመታት በኋላ ሊደክም ይችላል። ለፈሳሹ አዲስ መውጫ የሚከፍት ቀዶ ሕክምናም አለ። በእኔ እምነት ከገጠር ለሚመላለስና መድኃኒት ለሚቆራረጥበት ሰው ስለ ቀዶ ሕክምና ቶሎ መነጋገር ይሻላል። ብርሃን ለመመለስ እንዳልሆነ ግን አስቀድሞ ይነገረው። ዓይን በድንገት ቀልቶ ብርቱ ሕመም፣ ማስመለስና በመብራት ዙሪያ ቀለበት ማየት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ነው የሚኬደው።

በሽታው በዘር ስለሚሄድ ልጆችና ወንድም እኅቶች፣ በተለይ ዓርባ ዓመት ያለፋቸው፣ መታየት አለባቸው። እኔ ታይቻለሁ። ታላቅ ወንድሜ «ምንም አያመኝም» እያለ ዓመት አሳለፈ፤ ሰኞ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ።